መኪናዋ ከመግባቷ በፊት ግድግዳው ይታይ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ቡራዩና መናገሻ ታልፈው ሆለታ ይደረሳል። በዚህ መንገድ ጠዋት ወደ ከተማ ወጥቶ ማታ የሚመለሰው ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ከመኪኖቹም መካከል ድምፅ የማያሰሙት ከዓመት ዓመት እየበዙ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቁ ወዲህ መኪና መግዛት የሚሻ ሰው ምርጫው የኤሌክትሪክ ሆኗል። የእነዚህ መኪኖች ቁጥር ከ100 ሺህ ማለፉን መንግሥት ይናገራል። አብዛኞቹ የሚያድሩት በሰው ግቢ ነው፤ የሚሞሉትም ከሰው ግድግዳ ነው።

በዚህ ምልልስ የሚነጋገሩት ሁለት ናቸው። አንዷ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተመላልሳ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የገዛችው መኪና ገና አልደረሳትም። ሁለተኛው በሆለታና በቡራዩ ቤቶች ሽቦ ሲዘረጉ የኖሩ፣ የአባቷ ወዳጅ የሆኑ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። የቆሙት ለመኪናዋ በታሰበው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። በቀኙ የተከራዮች ሰርቪስ፣ በግራው ማድ ቤቱ አለ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ያስቸገርኩዎት ለአንድ ሶኬት ነው። መኪናዋ እዚህ ስለምትቆም እዚህ ግድግዳ ላይ ቢያወጡልኝ ይበቃኛል። እናቴ ግን እንቅልፍ አጥታለች። ጎረቤት «ባትሪው ሌሊት ይፈነዳል» ብሏታል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ መፍራቷ አይከፋም፤ ፍርሃቷ ግን ቦታውን ስቷል። እሷ የምትፈራው ከመኪናዋ ወለል ሥር ያለውን ባትሪ ነው፤ እኔ የምፈራው ይኼን ግድግዳ ነው። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ተፈትኗል፤ ሙቀቱን የሚከታተል፣ ሲበዛበትም የሚያቋርጥ መሣሪያ አለው። የዚህን ግድግዳ ሽቦ ማን ፈተነው?

ነርሷ፦ አባቴ ቤቱን ሲያሠራ የተዘረጋ ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ተብሎ ነው የተዘረጋው። ከዚያ ፍሪጁ መጣ፤ ከዚያ ምጣዱ፤ ከዚያ ሰርቪሱ ተሠራና ሦስት ተከራይ ገባ። ሁሉም የሚጠቀመው ከአንድ ቆጣሪ ነው። አሁን ደግሞ መኪና ልትጨምሪበት ነው።

ነርሷ፦ ስለ ባትሪው እንኳ እኔም አንብቤ ልቤ ረግቷል። በስዊድን የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የተቃጠሉትን መኪኖች ቆጥሮ ነበር። 611 ሺህ ገደማ ከሆኑት የኤሌክትሪክ መኪኖች የተቃጠሉት 23 ናቸው። 4.4 ሚሊዮን ከሆኑት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ግን 3,400 ያህል ተቃጥለዋል። ሂሳቡን ቢሠሩት የነዳጁ ሃያ እጥፍ ይሆናል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ስዊድኖች ለሆለታ ባዳ አይደሉም። በ1927 ዓ.ም. እዚህ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማሩት የእነሱ መኮንኖች ናቸው። ቁጥራቸውን አምናለሁ፤ የነዳጅ መኪኖቹ በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን ግን አትርሺ። ሌላም አለ። በዚያ አገር የቤት ሽቦ የሚነካው የተመዘገበ ድርጅት ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ቁጥር የሚነግርሽ ስለ መኪናው ነው እንጂ ስለ ሆለታ ግድግዳ አይደለም።

ነርሷ፦ እሺ፣ ግድግዳው ምን ያደርገኛል? ሶኬት እኮ ሶኬት ነው። ስልክም ካውያም እንሰካበታለን።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ምጣድሽ ስንት ዋት ነው?

ነርሷ፦ 3,500 ይላል ጀርባው ላይ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። እናትሽ ስትጋግር ለምን ያህል ጊዜ ይሰካል?

ነርሷ፦ ቢበዛ ሁለት ሰዓት፤ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እሷም ከአጠገቡ አትነሳም። ስፒናው ቢሸታት ትነቅለዋለች፤ ሶኬቱ ቢግላት እኔን ትጠራኛለች። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ቻርጀር በ16 አምፔር ሲሠራ ልክ ያንን ምጣድ ያህል ይስባል። ልዩነቱ መኪናዋ እንደ ምጣዱ ሁለት ሰዓት ጋግራ አታበቃም፤ ከማታ እስከ ንጋት ትስባለች፣ ያውም በየቀኑ፣ ያውም ሰው ሁሉ ተኝቶ። በምጣድ የማይታየው ጉድለት በመኪና ይታያል፤ የሚታየው ግን ማንም በማያይበት ሰዓት ነው።

ነርሷ፦ ብሬከር አለ አይደል? ሲበዛበት ይወርዳል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ሰው ሁሉ ተማምኖ የሚተኛው በእሱ ነው፤ ስለዚህ ደህና አድርገሽ ስሚኝ። ብሬከር የሚያውቀው ምን ያህል አምፔር እንደሚያልፍ ብቻ ነው። ሶኬትሽ ውስጥ አንዲት ብሎን ላልታለች እንበል። እዚያች የላላች ቦታ ላይ ጅረቱ ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ ተቃውሞ ደግሞ ሙቀት ነው። ተቃውሞው የኦም አንድ አስረኛ ብቻ ቢሆን፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት እዚያች ነጥብ ላይ ወደ 26 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ቦታ ናት፤ ዙሪያዋ ፕላስቲክ፣ ከኋላዋ ጭድ ያለበት ጭቃና እንጨት ነው። ብሬከሩ የሚያየው ግን 16 አምፔር ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የተፈቀደለት መጠን ስለሆነ አይወርድም። ሶኬቱ እየቀለጠ ብሬከሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ነርሷ፦ ታዲያ በመጀመሪያው ሌሊት ለምን አይቃጠልም?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ሥራውን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ነው። ማታ ይግላል፤ ብረቱ ይለጠጣል። ጠዋት ይበርዳል፤ ይሰበሰባል። እንዲህ ሲመላለስ ብሎኗ የባሰ ትላላለች፣ መዳቡም ይጠቁራል፤ የጠቆረ መዳብ ደግሞ ተቃውሞው ይጨምራል። በወሩ ሶኬቱ ቡናማ ይሆናል። ያንን ቀለም ያየ ሰው መኪናውን መንቀል አለበት፤ ብዙ ሰው ግን ሌላው ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ይቀጥላል።

ነርሷ፦ እኛ ቤት የምጣዱ ሶኬት እኮ ቡናማ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አይቼዋለሁ፤ ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ። የብሬከሩንም ነገር ልጨርስልሽ። አንዳንድ ቤት ሄጄ ሳጥኑን ስከፍት ለ16 አምፔር በተዘረጋ ሽቦ ላይ ባለ 32 ብሬከር ተገጥሞ አገኛለሁ። «በየጊዜው እየወረደ ስላስቸገረን ነው» ይሉኛል። ያ ብሬከር እየወረደ «ሽቦው አልቻለም» ሲላቸው ነበር። ትልቁን ከገጠሙ በኋላ ግን ከብሬከሩ በፊት የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ሽቦው ደግሞ ኮርኒሱ ውስጥ ነው፤ ኮርኒሱም በየመንደሩ እንደምናየው ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ነው።

ነርሷ፦ ከመኪናዋ ጋር አዳፕተርም ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እሱ ሌላው ጣጣ ነው። ከቻይና የሚመጣው ቻርጀር ስፒናው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ የእኛ ሶኬት ቀዳዳው ክብ ነው። ሰው ከገበያ አዳፕተር ይገዛል፤ ከዚያ ማከፋፈያ፣ ከዚያ የኤክስቴንሽን ገመድ ይቀጥላል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ያቺ የላላች ብሎን ልትሆን ትችላለች። ገመዱ ጥቅል እንዳለ ከተተወ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ክረምት ሲመጣ መገጣጠሚያው ጭቃ ውስጥ ይወድቃል። የመኪናው መሰኪያ ዝናብ እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ማከፋፈያው አልተሠራም። መብራት ከፍ ዝቅ ይላል ብሎ መኪናውን ለፍሪጅ በተሠራ ስታቢላይዘር በኩል የሚሰካም አለ፤ ያንን ጭነት ሊሸከም አይችልም።

ነርሷ፦ ቻርጀሩ ቀይ መብራት እያበራ አልሞላም ይላል ሲባልም ሰምቻለሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ኧርዝ ሲያጣ ነው። ቻርጀሩ ከመጀመሩ በፊት ኧርዝ መኖሩን ይፈትሻል፤ ከሌለ እምቢ ይላል። በብዙ የሆለታ ቤት ሦስተኛው ሽቦ የለም፤ ወይም አለ ተብሎ የትም አልታሰረም። ያኔ «ብልህ» የተባለ ልጅ ይጠራና ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር ያገናኘዋል። ቀዩ መብራት ይጠፋል፤ ሁሉም ይደሰታል። ከዚያ ኒውትራሉ አንድ ቀን ከምሰሶው ላይ ቢበጠስ የመኪናዋ ቆዳ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ሕፃን በባዶ እግሩ፣ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሯን ሊነካ ይችላል። ይኼን የሚሠራ ሰው ወንጀል እየሠራ ነው እላለሁ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ከጎረቤቱ ይበልጥ አስፈሩኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እኔ የምነግርሽ ፍርሃት መድኃኒት አለው። አንደኛ፣ ከቆጣሪው ሳጥን ለመኪናዋ ብቻ የሚሆን መስመር አወጣለሁ፤ መሃል ላይ የሚነካው ሌላ ሶኬት አይኖርም። ሽቦው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን፤ ባለ 4ም ይችለዋል፣ ግን በሽቦ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም። የራሱ ባለ 20 ብሬከር ይኖረዋል፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ሰው ሲነዝረው በቅጽበት የሚያቋርጠው፣ 30 ሚሊአምፔር የሚባለው። ጫፉ ላይ የግድግዳ ቻርጀር ብትገዢ ደስ ይለኛል። አቅም ካነሰሽ ያ ክቡ ሰማያዊ የፋብሪካ ሶኬት ይገጠማል፤ ጥርሱ ወፍራም ነው፣ አይላላም። ኧርዙን የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሬ በመሣሪያ ለክቼ አሳይሻለሁ። አዳፕተሩን ግን አልቀበልም፤ የቻርጀሩን ስፒና በልኩ እቀይረዋለሁ።

ነርሷ፦ ሁለተኛስ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ቀስ ብለሽ ሙያት። ባትሪዋ ስንት ነው?

ነርሷ፦ ቢዋይዲ ሲጋል ናት፤ 38 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ከዚህ ሥራሽ ደርሰሽ ስትመለሺ 90 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትበላለች። ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሪና 13 እንበለው። ቻርጀሩን ወይም የመኪናዋን ስክሪን 8 አምፔር ላይ ብታደርጊው በሰዓት 1.76 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል። ሰባት ሰዓት ተኩል ይበቃሻል። ማታ በ4 ሰዓት ብትሰኪ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሞልታ ትጠብቅሻለች። በ16 ብትሞያት በግማሽ ጊዜ ያልቅ ነበር፤ ግን አንቺ ተኝተሻል፣ ምን ያስቸኩልሻል? አሁን ወደዚያች የላላች ብሎን ተመለሺ። አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ አራት እጅ ነው የሚቀንሰው። 26 ዋት የነበረው 6 ዋት ተኩል አይሞላም። በአንድ ቁልፍ የሚገኝ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ መከላከያ ይኼ ነው፤ ለባለመኪኖች የሚነግር ሰው አለመኖሩ ያናድደኛል። በ4 ሰዓት ስትጀምሪ ደግሞ የተከራዮቹ ምጣድና ምድጃ ጠፍቷል፤ ቆጣሪው አይጨናነቅም።

ነርሷ፦ አስቸኳይ ቢሆንብኝስ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አዲስ አበባ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የከፈተው ፈጣን መሙያ አለልሽ። ፈጣን የሚፈለገው እዚያ ነው። ቤት ማደሪያ ነው።

እዚህ ላይ ንግግራቸውን ላቋርጥ። መንግሥት እነዚህን መኪኖች ለማበረታታት ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጓቸው ነበር፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መኪናው ሲገባ ጉምሩክ ያየዋል፤ ታርጋ ሲወጣለት መንገድ ትራንስፖርት ያየዋል። በግድቡና በመኪናው መካከል ያለውን የመጨረሻውን አሥር ሜትር ሽቦ ግን ማንም አያየውም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቆጣሪው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ታርጋ ለመውሰድ የሚመጣ ሰው ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ የተፈረመ አንድ ገጽ የቤት መስመር ምርመራ ቢጠየቅ ሥርዓቱ ከዜሮ አይጀመርም፤ ባለሙያውም መሥሪያ ቤቱም አሉ። በሰበታና በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሆለታ ቤቱ በየዓመቱ ክፍል እየተቀጠለበት የሚያድግ ስለሆነ፣ ይህ ገጽ ከየትኛውም ሰፈር ይልቅ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ነርሷ፦ ግድግዳውን አመንኩ እንበል። ባትሪው ራሱስ? ጨርሶ አይቃጠልም አላሉኝም።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አላልኩም። አንቺ ያነበብሽውን ንገሪኝ።

ነርሷ፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ጄኔራል ሞተርስ ቼቭሮሌት ቦልት የሚባሉትን ከ140 ሺህ በላይ መኪኖቹን ጠርቷል። የባትሪው ሕዋሳት ሲሠሩ ጉድለት ነበረባቸው። ለባለቤቶቹ «ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ውጭ አቁሙ፤ ሌሊት ቤት ውስጥ ሰክታችሁ አትተዉ፤ ከ90 በመቶ በላይ አትሙሉ» ብሏቸዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ኢንቾን ውስጥ አንድ መርሴዲስ ከአፓርታማ ሥር ቆሞ ተቃጠለ። ቻርጅ ላይ አልነበረም፤ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። የውኃ መርጫው ስለተዘጋ እሳቱ ወደ ብዙ መኪኖች ተዛመተ፤ ነዋሪዎችም ጭስ ገብቷቸው ሆስፒታል ሄዱ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ የመጀመሪያው ነገር ለእኛ አገር ከባድ ነው። አሜሪካዊው ባለመኪና ደብዳቤ ደረሰው። እዚህ በወኪል ሳይሆን በሌላ ነጋዴ በኩል ከቻይና የገባው መኪና ቢጠራ ለባለቤቱ ማን ይነግረዋል? ስክሪኑ ራሱ በቻይንኛ የሚጽፍ መኪና አይቻለሁ። ማስጠንቀቂያ ቢያወጣ ባለቤቱ ቀለሙን ነው የሚያየው እንጂ ቃሉን አያነበውም። ሻጩን ጠይቂው፤ ማኑዋሉን በምታነቢው ቋንቋ ይስጥሽ። የሻሲ ቁጥሯንም ይዘሽ በየጥቂት ወሩ አምራቹ ጥሪ ማውጣቱን አረጋግጪ።

ነርሷ፦ የእኔዋ ባትሪ የብረት ፎስፌት ነው ተብያለሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እሱ ይሻላል። ኒኬል ካለበት ይልቅ ከፍ ያለ ሙቀት እስኪደርስ ይታገሣል። ይሻላል እንጂ አይቃጠልም አልተባለም። ለሆለታ ሰው ደግሞ ከፋብሪካ ጉድለት የሚቀርበው ድንጋይ ነው። ባትሪው ወለሉ ሥር ነው። ከአስፋልቱ ወደ መንደራችን የሚገባውን መንገድ ታውቂዋለሽ። ሆዷ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ወይም በኃይል ከተፋቀ፣ የተጎዳ ሕዋስ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በቀናት ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። በዚያን ቀን ማታ ሰክተሽ አትተኚ። ሥሯን አሳይተሽ እስክታረጋግጪ ከቤት ራቅ ብላ ሜዳ ላይ ትደር።

ነርሷ፦ ሊነሳ ሲል በምን አውቃለሁ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ከሥሯ የመንጣጣት ወይም የመንሾክሾክ ድምፅ ይሰማል፤ ነጭ ወይም ግራጫ ጭስ ይወጣል። ያ እንፋሎት አይደለም፤ መርዝም ነው፣ ተቀጣጣይም ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ ይፈነዳል። ያኔ ነቅለሽ አድናለሁ አትበይ፣ አስነስቼ አወጣለሁም አትበይ። መስመሩን ከሳጥኑ ላይ ማውረድ ከቻልሽ አውርጂ፤ ሰው ይዘሽ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ውጪ።

ነርሷ፦ ይኼን እኔም አውቀዋለሁ፤ በሙያዬ። በቤት ቃጠሎ ብዙውን ሰው የሚገድለው ነበልባሉ አይደለም፣ ጭሱ ነው። የተኛ ሰው ጭስ አይቀሰቅሰውም፤ እንዲያውም ያደነዝዘዋል። ከባትሪ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ አለ፤ ሳንባ ያቃጥላል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እንግዲያው በሙያሽ ዙሪያሽን ተመልከቺ። ይኼ ቆርቆሮ ጥላ የማን በር ላይ ነው?

ነርሷ፦ የተከራዮቹ። ሦስቱም ክፍል በራቸውም መስኮታቸውም ወደዚህ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ መኪናዋ እዚህ ቆማ ጭስ ቢነሳ መጀመሪያ የሚገባው እነሱ ጋ ነው፤ መውጫቸውም በእሷ በኩል ነው። በዚህኛው ጎን ማድ ቤቱ አለ፤ ከሰሉ እዚያ ነው። ያ ቢጫ ጀሪካንስ?

ነርሷ፦ ለጄኔሬተሩ ያስቀመጥነው ቤንዚን ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ከመኪናዋ ባትሪ ይልቅ ዛሬ ማታ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ዛሬውኑ ከዚህ ይውጣ። መኪናዋ ደግሞ ወዲያ ማዶ፣ ከጓሮው ሜዳ ላይ ትቁም፤ ከቤትም ከሰርቪስም ከባሕር ዛፉ አጥርም ራቅ ብላ። የግቢው በር ላይ አትቁም፤ ለሁላችሁም ያለው መውጫ አንድ እሱ ነው። ቆርቆሮውን ነቅለን እዚያ እንተክለዋለን፤ ግድግዳ አንሠራለትም፣ አየር ይለፍበት።

ነርሷ፦ ሽቦው ሊረዝም ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ይርዘም። ሽቦው ሲረዝም እኔ ወፍራሙን እመርጣለሁ።

ነርሷ፦ ከተነሳስ በምን ይጠፋል? እሳት ማጥፊያ ልግዛ ብዬ ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ግዢ፤ ለሶኬትና ለሽቦ እሳት ይሆናል። ባትሪውን ግን አያጠፋም። ባትሪ የሚፈልገው መቀዝቀዝ ነው፤ ማቀዝቀዝ የሚችለው ውኃ ነው፣ ያውም ብዙ ውኃ።

ነርሷ፦ ቴስላ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ባዘጋጀው መመሪያ ከ11 ሺህ እስከ 30 ሺህ ሊትር ሊያስፈልግ ይችላል ይላል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ሮቶሽ የሚይዘው 2 ሺህ ነው፤ እሱም ቧንቧ በመጣ ቀን። ስለዚህ ሥራሽ ማጥፋት አይደለም፤ ሰው ማውጣትና የእሳት አደጋ መኪና መጥራት ነው። 939 የአዲስ አበባ ነው። የሆለታውን ቁጥር ከከተማው አስተዳደር ጠይቄ ሳጥኑ ላይ እጽፍልሻለሁ። ስትደውዪ «የኤሌክትሪክ መኪና ነው» በያቸው፤ ብዙ ውኃ ይዘው እንዲመጡ። በመንገዱ ላይ ደግሞ የጎረቤትሽ አሸዋ ተቆልሏል። የእሳት አደጋ መኪና አያሳልፍም፤ ዛሬ አንሳልን በይው።

ነርሷ፦ እሱን ለእኔ ተዉት። ጋሼ፣ አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። ሁለተኛው ክፍል ያለው ተከራይ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አለው። ዝናብ ስለሚፈራ ማታ ማታ ወደ ክፍሉ አስገብቶ ነው የሚሞላት።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ከአልጋው አጠገብ?

ነርሷ፦ ክፍሉ ሦስት በሦስት ነው። ሌላ የት ይሆናል? ሚስቱና ሕፃኑም እዚያው ናቸው። እኔ ስለ መኪናዋ ሳነብ ነው ስለ ሞተሯ የገባኝ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሊቲየም ባትሪ የተነሱ 268 ቃጠሎዎች ተመዝግበው 18 ሰው ሞቷል። አብዛኞቹ ከመኪና የተነሱ አይደሉም፤ ሰው ቤት ውስጥ፣ በር አጠገብ ከሚሞላቸው ብስክሌቶችና ስኩተሮች ናቸው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ይኼን ከመጀመሪያው ብትነግሪኝ ከእሱ እጀምር ነበር። የሞተር ባትሪ ትንሽ ናት፣ ግን ሰው አጠገብ ናት። የመኪናዋን ያህል መቆጣጠሪያ የላትም፤ ብዙ ጊዜም የምትሞላው ከእሷ ጋር ባልመጣ ርካሽ ቻርጀር ነው። አንቺ ዋጋ ጨምረሽ ደህና ቻርጀር ብትመርጪ፣ እሱ ያገኘውን ነው የሚሰካው። አከራይ ነሽ፤ አውጣ ብትዪው ደግሞ የት ያቆማታል?

ነርሷ፦ እሱን ነው ያጣሁት። ውጭ አቁማት ብለው ትሰረቃለች ይለኛል፤ እውነቱን ነው። እንጀራው እሷ ናት።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ለመኪናዋ ከማወጣው መስመር ጎን ከሳጥኑ ሌላ መስመር አውጥቼ ለሞተሯ አንድ ሶኬት በራሱ ብሬከር እጨምራለሁ። ጓሮ ውስጥ፣ ከጥላው ሥር። የብረት ቀለበት በሲሚንቶ እንተክላለን፤ በሰንሰለት ያስራታል። ዝናቡን ቆርቆሮው ይከልክለው። ከመኪናዋ ግን ሦስት አራት ሜትር ትራቅ። የኤሌክትሪኩን ሂሳብ ተነጋገሩ፤ በኪራዩ ላይ አትጨምሪበት፣ እለምንሻለሁ። ከጨመርሽበት ተመልሶ ወደ ክፍሉ ያስገባታል።

ነርሷ፦ አልጨምርም። እሺ ይለኛል ብለው ያስባሉ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ቻርጀሩን አሁን ካለበት ሶኬት ነቅዬ ላሳየው እፈልጋለሁ፤ ከፕላስቲኩ ቀለም የተሻለ የሚያስረዳው የለም። ማታ ስንት ሰዓት ይገባል?

ነርሷ፦ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል። እንደገባ ነው የሚሰካት።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ በሁለት ሰዓት እዚህ እሆናለሁ። እስከዚያ የምጣዱን ሶኬት ልቀይር፤ ካቻቢቴዬን ከቦርሳው አቀብዪኝ፤ ሳጥኑንም አውርጂልኝ።